ስለ መርዶ የጻፍኩት ድርሰት

ሠላሳ ዓመት ድርሰት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ተማሪዎቼ ክፉ ነበረች ቢሉ አልፈርድባቸውም። «እጅግ በጣም» ብሎ የጻፈ ልጅ ደብተሩ የሚመለስለት በቀይ ቀለም ተሸፍኖ ነበር። «እንደሚታወቀው» ብሎ የጀመረውን ደግሞ ማን እንደሚያውቀው ካልነገረኝ አላሳልፈውም። ይህን አመል ያወረሰኝ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ቢቸና ላይ አንድ ዓመት ብቻ ያስተማረን መምህር ነው። በሱ ትእዛዝ የጻፍኩት ድርሰት ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ። አራት ገጽ ነው። ሦስቱን ለክፍሉ አንብቤአለሁ፤ አራተኛውን እስካሁን ድረስ ለማንም አላነበብኩም።

የተወለድኩት ሞጣ ነው። አባቴ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ እናቴ ቢቸና ለምትኖረው ለአባቴ እህት ሰጠችኝ። አክስቴ ልጅ አልነበራትም፣ ቤቷም ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ነበር። ከቢቸና ሞጣ በእግር ሁለት ቀን ያስኬዳል። እናቴን የማያት ትምህርት ሲዘጋ፣ ወንዝ ሳይሞላ ፈጥኜ ከሄድኩ ነው። የቀረውን ጊዜ በወረቀት እንገናኛለን። ወረቀቱን የሚያመላልስልን ጨውና ጨርቅ እየጫነ ቢቸና ገበያ የሚመጣ አንድ የሞጣ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ አህዮቹን አራግፎ ሳይጨርስ «ያቺ ልጅ የታለች?» ብሎ ያስጠራኛል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የምታስጽፈው ጎረቤታችንን መሪጌታውን ነው። ወረቀቷ ሁሌም አንድ ዓይነት ነበር፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከዚያ ስለ ዶሮ፣ ስለ ጎመን፣ ስለ ጣራው። አንድ ክረምት ላይ «አንቺ የልብሽን ለሰው ሳትነግሪ የራስሽን ወረቀት ራስሽ የምትጽፊ ሁኚልኝ» ብላኛለች። ሌላ ምኞት ስትናገር አልሰማኋትም። ስምንተኛ ክፍል የደረስኩ ዓመት ሚኒስትሪ የምንለው ፈተና ነበረብኝ፤ እሱን ካለፍኩ ምኞቷ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

መምህሩ የመጣው በዚያ ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲማር ቆይቶ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ፣ ከሐረር በኩል የመጣ ቀጭን ልጅ ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ሳስበው የልጅ ልጄን የሚያህል ስለሆነ እሱ ብለው አይቆጣኝም። በመጀመሪያው ቀን ድርሰት ጻፉ አለን። ግማሾቻችን ስለ ላም ጻፍን። ላም የቤት እንስሳ ናት፣ ላም በጣም ጠቃሚ ናት አልን። ደብተሮቹን ይዞ ቆመና «ጠቃሚ ናት ያለው ማን ነው? ላሟን ጠይቃችኋታል?» አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየደብተራችን ጠርዝ ላይ በቀይ «ማን አለ?» እየጻፈ ፈጀን።

ገላጭ ድርሰት ማለት ስሜትህን ቤት ትተህ የምትመጣበት ጽሑፍ ነው ይል ነበር። ገጹን በመስመር ለሁለት አስከፈለን። ባንዱ ወገን «ያየሁት»፣ በሌላው ወገን «የሰማሁት»። ለሰማነው ከማን እና መቼ የሚል ይታከልበታል። በወሬ ከተሰማ ይልቅ በወረቀት የሰፈረ ይበልጣል አለን። «የሚመስላችሁን ነገር ለራሳችሁ ያዙት» አለን። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወደድኩት። ሰው ሁሉ በሚመስለው በሚናገርበት አገር አንድ ቦታ ላይ እውነት በመስመር ተከፍላ ተቀምጣ ማየት ደስ አለኝ።

በሁለተኛው መንፈቅ እያንዳንዳችን አንድ ርእስ መርጠን፣ ሰው ጠይቀን፣ አይተን እንድንጽፍ አዘዘን። አንዱ ስለ ንብ ቀፎ፣ አንዷ ስለ ጠላ አጠማመቅ፣ የቄሱ ልጅ ስለ ብራና አዘገጃጀት ያዙ። እኔ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እጽፋለሁ አልኩ። መምህሩ ቀና ብሎ አየኝና «ለምን?» አለ። «ማወቅ ስለምፈልግ» አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉውም አልነበረም። አባቴ የሞተ ጊዜ አገሩ ሁሉ ሲያውቅ እኔ ግቢ ውስጥ ስጫወት ነበር። ጎረቤት ማር እያላሰኝ ስቦርቅ ውዬ በማግስቱ ነው የተነገረኝ። ማሩ ለብዙ ጊዜ አናደደኝ። እንዴት አድርገው እንደሚያደርጉት ማወቅ ፈለግሁ።

የሰፈራችን መርዶ ነጋሪ ከአክስቴ አጥር ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። የሞተ ሰው ወሬ ከሩቅ በመጣ ቁጥር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ደብተሬን ይዤ ስሄድባቸው ሙያቸውን የጠየቃቸው ሰው አግኝተው አያውቁም መሰለኝ፣ ደስ ብሏቸው አጫወቱኝ።

«መርዶ ልጄ በጥጋብ ነው የሚነገር። ማታውን አብልተሽ፣ አስተኝተሽ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። የተራበ ሰው ሐዘን አይችልም። ግራና ቀኝ የሚይዙት ሁለት ጠንካሮች ይቆማሉ። ተናጋሪው አንድ ነው። ሌላው ዝም።»

«ከዚያ በፊት ሰውየው ቢጠይቅስ?»

«ታመዋል ይባላል። ተሻላቸው፣ ደግሞ አገረሸባቸው እየተባለ ልቡን ቀስ አድርጎ ወደዚያ መግፋት ነው።»

«መዋሸት አይሆንም?»

«አይ እንግዲህ! ይኸን ያህል ሸክም ድንገት ጫንቃው ላይ ትጥይበታለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ለነማን እንደማይነገር ቆጠሩልኝ። ላራስ አይነገርም፣ ለነፍሰ ጡር አይነገርም፣ መንገድ ለሚወጣ አይነገርም፣ ከፊቱ ከባድ ነገር ላለበት ሰው እስኪያልፍለት አይነገርም። አንዲት አራስ የእናቷን መርዶ የሰማችው ልጇን ክርስትና ካስነሳች በኋላ እንደሆነ፣ እስከዚያ ድረስም የእናቷን ገንፎ እየበላች እንደመሰላት ነገሩኝ። ሁሉንም «የሰማሁት» በሚለው ሥር ከነስማቸው ጻፍኩ።

አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ በቤት ውስጥ የሚታየውን ምልክት ነገረችኝ። መርዶ የተደበቀለት ሰው ሲገባ ጨዋታ ይቋረጣል። የቤት ሥራ ይቀነስለታል፣ ምግብ ይበዛለታል፣ የሟቹ ስም ከሰው አፍ ይጠፋል። ይህን ሦስተኛው ገጽ ላይ አሰፈርኩት። ሴትዮዋን ያመሰገንኳት አይመስለኝም፤ ምንጭ ናት ብዬ ብቻ ነው ያየኋት።

ግንቦት ከገባ በኋላ ሰዉ ተለወጠብኝ። ሽማግሌው ቀሪ ጥያቄ ይዤ ስሄድ «ሥራ አለብኝ» ብለው በጓሮ ወጡ። ጎረቤቷ ሳያት መንገድ ቀየረች። አክስቴ፣ ያቺ እንስራ ይዛ እያሳደደች ውሃ የምትልከኝ አክስቴ፣ «አንቺ አጥኚ» ብላ ራሷ ወረደች። እንቁላል ጠብሳ አጠገቤ አስቀመጠችና ስበላ ፊቷን አዞረች።

እናቴ ያኔ ሞታለች። ከታመመች ሁለት ሳምንት ሳይሞላት አርፋ፣ ሞጣ ተቀብራ፣ ሰባቷ ወጥቷል። ነጋዴው ወሬውን ለአክስቴ አድርሷል። ሚኒስትሪ እስኪያልፍ ድረስ እንዳይነገረኝ ተስማምተዋል፤ ሽማግሌዎቹ ትምህርት ቤት ሄደው ለመምህሩም ነግረው አደራ ብለውታል። እኔ ደብተሬን ይዤ ከቤት ወደ ቤት እየዞርኩ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እጠይቃለሁ። አክስቴ ይህን ስታይ ጠርጥራ ነው አለች። ድርሰት ነው ብላትም አላመነችኝም። ልጅ በደህናው ቀን ስለ መርዶ እንዴት ይጠይቃል? በነጋዴው በኩል ሞጣ ላከች፤ ልጅቱ ነቅታለች፣ ቶሎ አንድ ነገር አድርጉ አለች።

በሚቀጥለው ገበያ ነጋዴው ወረቀት አመጣልኝ። አላስጠራኝም፤ ከአክስቴ እጅ ነው የደረሰኝ። ሮጬ ገበያ ሄድኩና አገኘሁት። አህዮቹ እስከ ሆዳቸው አቧራ ለብሰዋል። «እማዬ ደህና ናት?» አልኩት። «ወረቀቱ ይነግርሽ የለ» አለኝ፤ ጭነቱን እየፈታ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም።

ወረቀቱ የመሪጌታው እጅ ጽሑፍ ነበር፣ ልቅም ያለ። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ይላል። ዝናቡ ስለገባ ጣራውን አስከደንኩ፣ ግቢው ጭቃ ሆኗል፣ ዶሮዋ ስምንት ፈለፈለች ይላል። በርትተሽ አጥኚ ይላል።

ያን ቀን ያደረግሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ገጹን ለሁለት ከፍዬ ጻፍኩ። ያየሁት በሚለው ሥር አክስቴ ውሃ ወረደች፣ ሽማግሌው ሸሹኝ፣ የነጋዴው አህዮች አቧራ ለብሰዋል አልኩ። በዚያኛው ወገን ከሞጣ በወረቀት፣ በመሪጌታው እጅ፣ ደህና ነኝ፣ ዝናብ ገብቷል አልኩ። አቧራውና ዝናቡ እንደማይገናኙ አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። መምህሬ ግን በወረቀት የሰፈረ ይበልጣል ብሎኛል። የሚመስለኝን ለራሴ ያዝኩት። ሆዴ ባር ባር ይላል፤ ሆድ ደግሞ ምንጭ አይሆንም። በመጨረሻው፣ በአራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ብዬ ደመደምኩ፤ «መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ ስለመኖሩ ማስረጃ አላገኘሁም።»

ድርሰቶቹ የሚነበቡበት ቀን ደረሰ። ስለ ቀፎ ተነበበ፣ ስለ ጠላ ተነበበ፣ ስለ ብራና ተነበበ። የኔ ተራ ሲደርስ መምህሩ «ሰዓት የለንም፣ ያንቺን እኔ አነበዋለሁ» አለ። ሰዓት ነበረ። እንዲህ ደክሜ ጽፌ እንዴት እዘለላለሁ ብዬ ነደደኝ። «መምህር፣ የሌሎቹን እርስዎ አላነበቡላቸውም» አልኩ። ክፍሉ አንገቱን ደፋ። ግማሾቹ እናቶቻቸው ነግረዋቸው ያውቁ ነበር። መምህሩ ጠመኔውን እጁ ላይ እያሽከረከረ ቆየና «እሺ» አለ።

አንደኛውን ገጽ አነበብኩ። ሁለተኛውን አነበብኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ደረስኩ። «መርዶ የተደበቀለት ሰው ሲገባ ጨዋታ ይቋረጣል። የቤት ሥራ ይቀነስለታል። ምግብ ይበዛለታል።» ቀና ስል ከኋላ የተቀመጠችው የክፍላችን ልጅ፣ የዚያ ነጋዴ የእህት ልጅ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። «የሟቹ ስም ከሰው አፍ ይጠፋል።» አክስቴ የእናቴን ስም ከጠራች ስንት ቀኗ ነው? ቆጠርኩ። ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በጣቴ ቆጠርኩ።

ዞር ብዬ «መምህር፣ እናቴ ሞታለች?» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ያስያዙትን አደራ ያውቃል። ለፈተናው ስምንት ቀን ብቻ ነበር የቀረው። ታማለች ማለት ይችል ነበር፤ አገሩ በሙሉ ይህን ይለኝ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ማን አለ፣ ማስረጃሽ የት አለ እያለ ያስጨነቀኝ ሰው ነው። ጠመኔውን እንደያዘ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ።

«አዎ» አለኝ።

እንዲህ ተደርጎ መርዶ የተነገረው ሰው በዚያ አገር ያለ አይመስለኝም። ረፋድ ላይ፣ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ቃል፣ ጠመኔ በያዘ የሃያ ዓመት ልጅ። ግራና ቀኝ የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ወደቅሁ። ግንባሬን ዴስኩ መታኝ፤ ጠባሳው ዛሬም ከቅንድቤ በላይ አለ።

አክስቴ ያንን መምህር ከዚያ በኋላ ሰላም አላለችውም። ሽማግሌው «አገርና ወገን የሌለው!» ብለው በአደባባይ ተናገሩት። እኔ እንደነሱ ልጠላው አልቻልኩም። ላመሰግነውም አልቻልኩም። ከዋሹኝ ሰዎች መካከል እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው፤ በሱ እውነት ደግሞ ነው የወደቅሁት። ለቅሶ ቤት መጣና ዳር ላይ ተቀምጦ ሄደ። ሲሄድ ድርሰቴን ለጎረቤታችን ሰጣት። አንድም ቦታ ቀይ አልነካውም። ግርጌው ላይ ብቻ «ይቅርታ» ብሎ ጽፏል። ማንን፣ ስለ ምን እንደሆነ አልጻፈም። በራሱ ሕግ ቢታረም ይወድቅ ነበር።

ከአክስቴ ጋር ሞጣ ሄድን። ሚኒስትሪ ሲሰጥ እኔ እናቴ መቃብር ላይ ነበርኩ። አርባዋ ሲወጣ መሪጌታውን ከሰው ለየኋቸውና ያንን ወረቀት አወጣሁ። «ይህን ማን አለ?» አልኳቸው። እንደ ሌባ ነበር የያዝኳቸው፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

«እሷው ናት» አሉኝ። «ያመማት ሰሞን አስጠራችኝ። ተኝታ ነው፤ ራሷን ቀና ማድረግ አልቻለችም። በአንድ ቀን ሁለት ወረቀት አስጻፈችኝ። ይኸኛውን ዝናብ ሲገባ ላክልኝ፣ ልጄ ፈተናዋን ትፈተን፣ ሐሳብ አይግባት አለችኝ። ከቢቸና ነቅታለች ተብሎ ተላከብንና ደንግጠን ዝናቡ ሳይገባ ላክነው።»

ዶሮዋን፣ ጣራውን፣ ጭቃውን እናቴ ተኝታ ሳለች ነው የፈጠረችው። የማትኖርበትን ወር ለኔ ስትል ኖረችው። አቧራው እውነቱን ሲነግረኝ እኔ ወረቀቱን ነው ያመንኩት፤ ለካ ወረቀቱም ከሷው አፍ ነበር። የትኛው ወገን እንደምጽፈው ጠፋኝ።

«ሁለተኛውስ የታለ?» አልኳቸው።

መሪጌታው ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ቀጥለው «እሱን ፈተናውን ስታልፊ ስጣት ነው ያለችኝ። አደራ ነው፣ ልጄ» አሉ። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ፣ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። አክስቴም ለመነችልኝ። አልሰጡኝም። ተናደድኩ፤ ይህ አገር ሁሉን ነገር በሰዓቱ ካልሆነ አይሰጥም ብዬ ረገምኩት። በማግስቱ ወደ ቢቸና መንገድ ጀመርኩ፤ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም።

ያ መምህር ዓመቱ አልቆ ሄዷል። ስምንተኛን ደገምኩ። ለትምህርት ፍቅር ብዬ አልነበረም ያጠናሁት፤ ሞጣ አንድ ሣጥን ውስጥ የእናቴ ቃል ተቀምጦብኝ ነው። ውጤት የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ አልፌአለሁ። መስከረም እንደጠባ ወንዙ ሲጎድል ሞጣ ገባሁ። ፀሐይ ነበር። መሪጌታው ምንም ሳይጠይቁኝ ውጤቴ ያለበትን ወረቀት ተቀበሉ፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ከዚያ ገብተው የታጠፈች ወረቀት ይዘው ወጡ።

እንዲህ ይላል። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፈተናውን ማለፍሽን ዛሬ ሰማሁ። እልል ብያለሁ። የጻፍሽበትን ደብተር ሁሉ አትጣይ፣ አስቀምጪው። አሁን ዝናቡ በርትቷልና አትምጪ። ወንዙ ሲጎድል ነይ፤ ደጅ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»

ደጁ ላይ ቆሜ ነበር የማነበው። ማንም አልነበረም። የዝናቡን ነገር በሁለቱም ወረቀት ሳተችው።

አለቀስኩ፤ ባለፈው ዓመት ከወደቅሁበት ቀን ይልቅ ያን ቀን አብዝቼ አለቀስኩ። ሲበርድልኝ ደብተሬን አወጣሁ። ገጹን ለሁለት ከፈልኩ። የሰማሁት በሚለው ሥር «ፈተናውን አለፍኩ» ብዬ ጻፍኩ። ከማን ለሚለው «ከእናቴ» አልኩ። መቼ ለሚለው ቆይቼ አሰብኩና፣ እኔ ከማወቄ አንድ ዓመት አስቀድሞ ብዬ ጻፍኩ።